በሬዲዮ የምትመራ ባለመንኮራኩር ጀልባ

በ1858 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ሐይቅ ላይ ከዚያ በፊት ያልታየ ዓይነት ታንኳ አሠርተው ነበር። ታንኳው እንደ ሌሎቹ የጣና ታንኳዎች ከደንገል የተሠራ ቢሆንም በመጠኑ እጅግ የሚበልጥ፣ በግራና በቀኝ ጎኑም መንኮራኩር የተገጠመለት ነበር። አሳቡ የተወሰደው በዚያን ዘመን በባሕር ላይ ይመላለሱ ከነበሩት የአውሮፓ የእንፋሎት መርከቦች ነው። ነገር ግን የእንፋሎት ሞተር ስላልነበረ መንኮራኩሮቹን በእጃቸው የሚያዞሩት ሰዎች ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ በእስር ይኖር የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ አስፍሮታል። ነገሩ ከሙከራ አላለፈም።

ለእኛ ከሙከራው ይልቅ የሚጠቅመን ከጀርባው ያለው ጥያቄ ነው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ታንኳ በከበደ መጠን ወደ ውሃው ዝቅ ይላል፤ ታንኳው ዝቅ ሲል ደግሞ በጎኑ የተገጠመው መንኮራኩር አብሮ ይጠልቃል። ከልኩ በላይ የጠለቀ መንኮራኩር ታንኳውን መግፋቱን ትቶ ውሃውን ከላይ መደብደብና ከታች ወደ ላይ ማንሳት ይጀምራል። እንግዲህ ስልሳ ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ የሚሠራ መሐንዲስም ሆነ ሰባ ሳንቲሜትር ብቻ የሆነች ጀልባ ለመሥራት የተነሣ ተማሪ ከሁለት ጥያቄዎች አያመልጥም፤ ይኸውም መንኮራኩሩ ምን ያህል ይጥለቅ? በምን ፍጥነትስ ይዙር? የሚሉት ናቸው። የቀረው ሥራ ሁሉ እነዚህን ተከትሎ የሚመጣ ነው ማለት ይቻላል።

መንኮራኩር የሚለው ቃል ዛሬ ወደ ጠፈር የምትላከውን መሣሪያ ስለሚያሳስብ አንባቢን ሊያደናግር ይችላል። እዚህ ላይ የምንጠቀምበት ግን በቀድሞው ፍቺው፣ ማለትም በዘንግ ላይ የሚዞር ክብ ነገር በሚለው ነው። ባለመንኮራኩር ጀልባ ስንልም በዙሪያው ቀዛፊ ሳንቃዎች የተደረደሩበት ክብ ነገር እየዞረ የሚገፋት ጀልባ ማለታችን ነው። እያንዳንዱ ሳንቃ በተራው ውሃ ውስጥ ገብቶ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ውሃውም በአጸፋው ጀልባዋን ወደ ፊት ይገፋታል። ይህም በፊዚክስ ትምህርት የምናውቀው ሦስተኛው የኒውተን ሕግ ነው። መንኮራኩሩ አንድ ሆኖ ከጀልባዋ ኋላ ሊገጠም፣ ወይም ሁለት ሆኖ በግራና በቀኝ ጎኗ ሊገጠም ይችላል። ከዚህ በታች የሚገለጸው የሁለተኛው ዓይነት አሠራር ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ፉልተን እ.ኤ.አ. በ1807 በሀድሰን ወንዝ ላይ ከኒው ዮርክ እስከ ኦልባኒ ያለውን 240 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ32 ሰዓት የተጓዘው እንዲህ ባለ የእንፋሎት መርከብ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለመንኮራኩር መርከቦች ወንዞችንና ባሕሮችን ለጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1845 ግን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አንድ ስመ ጥር ፈተና አካሄደ። ራትለር የተባለችውን፣ ከኋላዋ በውሃ ውስጥ በሚዞር ፕሮፔለር የምትገፋውን መርከብ፣ አሌክቶ ከተባለችው ባለመንኮራኩር መርከብ ጋር ጀርባ ለጀርባ በገመድ አሰሯቸው። ሁለቱም በሙሉ ኃይላቸው ሲጎትቱ ራትለር አሌክቶን የኋሊት ጎትታ ወሰደቻት። አሌክቶ የተሸነፈችው በጉልበት ነው፤ ነገር ግን ባለመንኮራኩር መርከቦችን ከውቅያኖስ ያስወጣቸው ይህ ብቻ አልነበረም። ውቅያኖስ ላይ ማዕበሉ መርከቢቱን ወደ ጎን ሲያጋድላት አንዱ መንኮራኩር ተውጦ ሌላው በአየር ላይ ይዞራል። ከዚህም በላይ መርከቢቱ ከወደብ ስትነሣ በከሰል ድንጋይ ከብዳ መንኮራኩሮቿ አለልክ ይጠልቃሉ፤ ከሰሉ እየነደደ ሲያልቅ ደግሞ እየቀለለች ሄዳ መንኮራኩሮቿ ውሃውን በቅጡ መያዝ ያቅታቸዋል። በመካከሉ ልኩን የምታገኘው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ጸጥ ባለና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ግን ይህ ችግር እምብዛም ስለማይታይ፣ ባለመንኮራኩር መርከቦች በወንዝና በሐይቅ ላይ ረጅም ዕድሜ አገኙ። ከኩሬ ወይም ከግድብ የማትወጣው የእኛ ጀልባም ከእነዚሁ ወገን ናት።

የጀልባዋ አካል በጣም ቀላል ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ ርዝመቷ 70፣ ወርዷ 16፣ የጎኗ ከፍታ 10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ሣጥን እንሠራለን፤ ከፊትና ከኋላ ጫፎቿን እናሾላለን። መጋጠሚያዎቹ ውሃ በማያስለቅቀው ማጣበቂያ ይያያዛሉ፤ ውስጡም ውጪውም ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለም ይቀባል። ብዙ ሠሪዎች የውጪውን አሳምረው የውስጡን ይተዉታል፤ ሆኖም ጥቂት ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱ ስለማይቀር ያልተቀባ ኮምፔንሳቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተላልጦ ይለያያል። የላዩ ክዳን በቀላሉ የሚነሣ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ጀልባዋ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውሃው እንድትጠልቅ እንፈልጋለን እንበል። 70 በ16 በ5 ሲባዛ 5,600 ሜትር ኩብ ሳንቲሜትር ሳይሆን 5,600 ሳንቲሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህን ስሕተት በፈተና ላይ የሚሠሩ ጥቂቶች አይደሉም። ጫፎቿ ስለሾሉ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛውን ብቻ ብንወስድ 4,200 ሳንቲሜትር ኩብ ይቀራል። አንድ ሳንቲሜትር ኩብ ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን፣ በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት ጀልባዋ ከነሙሉ ዕቃዋ 4.2 ኪሎ ግራም መመዘን አለባት። አካሏ፣ ሞተሮቿና ባትሪዋ በአንድነት ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ቢሆኑ፣ የቀረው ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም በብረት ቁርጥራጭ ወይም በጠጠር መሞላት አለበት። ለሞተሮቹ የተሠራች ጀልባ ድንጋይ መሸከሟ ለሰሚው እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ ያለዚህ ክብደት ጀልባዋ በውሃው ላይ እንደ ቡሽ ተንሳፋ ትቀራለች፤ መንኮራኩሮቿም ውሃውን ላይ ላዩን ይልሱታል እንጂ አይዙትም።

ስሌቱ ግምት ነው፤ እርግጠኛው ነገር የሚገኘው ከውሃው ራሱ ነው። ስለዚህ የመንኮራኩሩን ዘንግ የሚያስገባ ቀዳዳ ከመብሳታችን አስቀድሞ ጀልባዋን በከብት ማጠጫ ገንዳ ወይም በሌላ ትልቅ ዕቃ ውስጥ እናንሳፍፋታለን። ባትሪው፣ ሞተሮቹ፣ ያልተገጠሙት መንኮራኩሮችና ሽፋኖቻቸው ሳይቀሩ በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ቀጥ ብላ እስክትቆም ድረስም ጠጠሩ ከወዲያ ወዲህ ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ውሃው የደረሰበት መስመር በሁለቱም ጎኖቿ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። የዘንጉ ቀዳዳ የሚበሳው ከዚህ መስመር ተለክቶ ነው። አስቀድሞ በስቶ በኋላ ማንሳፈፍ ባለመንኮራኩር ጀልባን ከሚያበላሹ ስሕተቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ ምክንያቱም ቀዳዳን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

ከመስመሩ በላይ ስንት ሳንቲሜትር ይሁን? ለእንዲህ ያለች ጀልባ 10 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ያለው መንኮራኩር ይስማማታል። እያንዳንዳቸው ስምንት ክንድ ያላቸው ሁለት ኮከብ መሰል ቅርጾች ከኮምፔንሳቶ ይቆረጡና በመካከላቸው ስምንት ሳንቃዎች ይጣበቃሉ፤ የሳንቃው ወርድ 2፣ ርዝመቱ 5 ሳንቲሜትር ነው። የታችኛው ሳንቃ በቀጥታ ወደ ታች ባመለከተ ጊዜ የላይኛው ጠርዙ ከውሃው ገጽ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። ይህን ግማሽ ሳንቲሜትር ብናደርገው፣ ከመንኮራኩሩ ግማሽ ዲያሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ላይ የሳንቃውን 2 እና ይህን ግማሽ ስንቀንስ 2.5 ሳንቲሜትር ይቀራል። ዘንጉ ከውሃው መስመር 2.5 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል ማለት ነው።

ለምን ከዚህ አይጠልቅም? የትሪጎኖሜትሪ ትምህርት የጀመረ ተማሪ መልሱን ራሱ ሊያገኘው ይችላል። 2.5 ለ5 ሲካፈል 0.5 ነው፤ ኮሳይኑ 0.5 የሆነ ማዕዘን ደግሞ 60 ዲግሪ ነው። ስለሆነም የሳንቃው ጫፍ ውሃውን የሚነካው ከቁልቁሉ መስመር 60 ዲግሪ ሲቀረው ነው፤ የሚወጣውም ከዚያው መስመር 60 ዲግሪ አልፎ ነው። ዘንጉን በአንድ ሳንቲሜትር ዝቅ ብናደርገው ማዕዘኑ ከ72 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ሳንቃውም ወደ ውሃው የሚገባው ተጋድሞ ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሳንቃ ሲገባ ውሃውን በጥፊ ይመታዋል፤ ሲወጣም እንደ ማንኪያ ዝቆ ያነሣዋል። የመጀመሪያው ጀልባዋን ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ወደ ታች ይገፋታል፤ ወደ ፊት የሚገፋት ግን ትንሽ ነው። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ሳንቃዎቹ በመቀርቀሪያ ተይዘው፣ በቀጫጭን ብረቶች እየተሳቡ ወደ ውሃው ሲገቡም ሲወጡም ቀጥ ብለው እንዲቆዩ ይደረጋል። በትንሽ ጀልባ ላይ ይህን መሥራት የሚቻል ቢሆንም ትዕግሥት የሚፈትን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው አይመከርም።

ወደ ፍጥነቱ እንሻገር። በስኮትላንድ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ውሃ የወረደችው ዌቨርሊ የተባለች ባለመንኮራኩር መርከብ በሙሉ ኃይሏ ስትሄድ እንኳ መንኮራኩሮቿ በደቂቃ ከ60 ዙር አያልፉም። ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ግን በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞራሉ። ሞተሩ 6,000 ጊዜ የሚዞር ቢሆንና ፍጥነቱን ሃምሳ ጊዜ የሚቀንስ ማርሽ ብናስገባበት፣ መንኮራኩሩ በደቂቃ 120 ጊዜ፣ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ዙሪያው 31.4 ሳንቲሜትር ስለሆነ የሳንቃዎቹ ጫፍ በሰከንድ 63 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ውሃ እንደ መሬት የጸና ስላልሆነ ከዚህ ውስጥ ከፊሉ በመንሸራተት ይጠፋል፤ ሲሶው ጠፋ ብንል ጀልባዋ በሰከንድ 42 ሳንቲሜትር ትሄዳለች። ይህም ዘና ብሎ ከሚራመድ ሰው ፍጥነት ያነሰ ነው። ባለመንኮራኩር ጀልባ ውበቷ በዚሁ በዝግታዋ ነው። ማርሹ አብሮት የታሸገ ሞተር በገበያ ስለሚገኝ ጥርሶችን በእጅ ማገጣጠም ዛሬ ግድ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው በኪሳራ ነው። በመጀመሪያ የሠራት ጀልባ ስትዘገይበት ጊዜ ሠሪዋ ማርሹን ለውጦ የመንኮራኩሮቹን ፍጥነት በሦስት እጥፍ አሳደገው። ጀልባዋ በሦስት እጥፍ መፍጠን ሲገባት ያለችበት ቆመች ማለት ይቻላል፤ መንኮራኩሮቹ በውሃው ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ውስጡ ይዞሩ ጀመር። ዙሪያዋን አረፋ ሸፈነው። ዳር የቆሙት ልጆች «ልብስ ልታጥብ ነው!» እያሉ ሳቁ። ሞተሮቹ በጭንቅ ስለሚሠሩ ባትሪው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አለቀና ጀልባዋ በኩሬው መካከል ቀረች። ከልጆቹ አንዱ ልብሱን አውልቆ ዋኝቶ ሊያመጣት ሲነሣ ከለከልነው። እስኪመሽ ድረስ ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ነፋሱ ወደ ማዶ ወስዶ ሣር ውስጥ ጣላት። ከዚያ ቀን ወዲህ በረጅም ሲባጎ ጫፍ ላይ የታሰረ ኳስ ሳይያዝ ወደ ውሃ አይኬድም። የቆመች ጀልባ ብትኖር ኳሱ ከእሷ ማዶ ይወረወራል፤ ሲባጎው ሲጎተት ኳሱ ጀልባዋን እየገፋ ያመጣታል። ለጀልባ ሲባል ጥልቀቱ ወደማይታወቅ ውሃ መግባት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሁለቱ መንኮራኩሮች በአንድ ዘንግ ቢያያዙ ጀልባዋን ለማዞር ከኋላዋ መሪ ያስፈልጋታል። መሪ ግን የሚሠራው በዙሪያው ውሃ በፍጥነት ሲያልፍ ነው፤ ለቀርፋፋ ጀልባ እምብዛም አይረዳም። ከዚህ የተሻለው ለእያንዳንዱ መንኮራኩር የራሱን ሞተር መስጠት ነው። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በ1950ዎቹ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ.፣ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን በወደብ ውስጥ የሚጎትቱ ሰባት ጀልባዎችን ባሠራ ጊዜ የመረጠው ይህንኑ ዘዴ ነው። ባለመንኮራኩር መርከቦች አብቅቶላቸዋል በተባለበት ዘመን የእነዚህ ጎታቾች መንኮራኩሮች የሚዞሩት በናፍጣ ሞተር በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነበር። አንዱ መንኮራኩር ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲዞር ጀልባዋ ካለችበት ሳትነቃነቅ በራሷ ዙሪያ ትሽከረከራለች። የእኛም ትንሽ ጀልባ እንዲሁ ታደርጋለች፤ ሲያዩትም ደስ ያሰኛል።

ሞተሮቹን ከዳር ሆኖ ለማዘዝ ሬዲዮ ያስፈልጋል። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጀልባ በገንዳ ላይ አንሳፎ፣ ያለ ምንም ሽቦ ከሩቅ ሆኖ ሲነዳት ለሕዝብ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መግቢያ ገደማ የፈጠራ መብቱ ተመዝግቦለታል። የዛሬው መሣሪያ ከቴስላው እጅግ ይራቀቃል እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። በሠሪው እጅ ያለው አስተላላፊ ሞገድ ይልካል፤ በጀልባዋ ውስጥ ያለው ተቀባይ ሞገዱን ይቀበላል፤ ከተቀባዩ ቀጥሎ ያለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ደግሞ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይመጥናል። ትእዛዙ የሚተላለፈው በጊዜ ርዝመት ነው። ተቀባዩ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ያህል አጭር የኤሌክትሪክ ምት ለመቆጣጠሪያው ይሰጣል። ምቱ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ተኩል ያህል ከቆየ «ቁም»፣ ወደ ሁለት ሺህኛ ከረዘመ «በሙሉ ኃይል ወደ ፊት»፣ ወደ አንድ ሺህኛ ካጠረ ደግሞ «በሙሉ ኃይል ወደ ኋላ» ማለት ነው። ሁለት ሞተሮች ስላሉን ሁለት መቆጣጠሪያዎች ያስፈልጉናል፤ የአስተላላፊው የግራ ዘንግ የግራውን፣ የቀኙ የቀኙን መንኮራኩር ያዛል።

በቀድሞው ጊዜ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ሞገድ ከተጠቀሙ አንዱ የሌላውን ጀልባ ሳያስበው ይነዳ ነበር። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ግን እያንዳንዱ ተቀባይ ከራሱ አስተላላፊ በቀር የማንንም ትእዛዝ እንዳይሰማ ይደረጋል። ይህ ሞገድ ውሃን ስለማይወድ የተቀባዩ አንቴና ከውሃው መስመር በላይ፣ ቢቻል ከክዳኑ ሥር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሞተሮቹም ሲዞሩ ተቀባዩን የሚያውክ ብልጭታ ስለሚፈጥሩ በሁለቱ ጫፎቻቸው መካከል ትንሽ ካፓሲተር ይበየዳል። የሬዲዮው ግንኙነት ቢቋረጥ ሞተሮቹ በራሳቸው እንዲቆሙ ማስተካከልም ያስፈልጋል።

መንኮራኩሮቹ ውሃ ስለሚረጩ ከላያቸው ግማሽ ክብ ሽፋን ይደረግላቸዋል። ሽፋኑ ከኋላ በኩል ክፍት ይሁን፤ የተዘጋ እንደሆነ ውሃው መውጫ አጥቶ በዘንጉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ የሚያልፍበት ቱቦ በግራሶ ይሞላ። ባትሪው በወለሉ ላይ፣ በትክክል መካከል ይቀመጥ፤ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ካጋደለች የቀኙ መንኮራኩር ይበልጥ ስለሚጠልቅ ሁለቱም በእኩል ቢታዘዙ እንኳ ቀጥ ብላ አትሄድም።

ለመጀመሪያው ጉዞ ነፋስ የሌለበት ማለዳ ይመረጣል። አስቀድሞ አስተላላፊው፣ ቀጥሎ ጀልባዋ ይከፈታሉ፤ በመጨረሻ ሲዘጉ ተራው ይገለበጣል። ጀልባዋ ከዳር ሁለት ሦስት ሜትር ርቃ እንድትሄድ ከተደረገ በኋላ ትመለሳለች። ክዳኗ ተነሥቶ ወለሏ በእጅ ይዳሰሳል። ደረቅ ከሆነ ዐሥር ሜትር ትሂድ። ሳንቃዎቹ ሲወጡ ብዙ ውሃ ይዘው የሚያነሡ ከሆነ ጥቂት ጠጠር ይቀነስ፤ ውሃውን ሳይዙ የሚሽከረከሩ ከሆነ ደግሞ ይጨመር። አንዳንድ ጊዜ አንድ እፍኝ ጠጠር ይበቃል።